ለንቅለ ተከላ የመጣው ኮርኒያ ስንት ቀን ቆይቷል? በማቆያ ፈሳሽ ላይ ለሕመምተኞችና ለቤተሰብ የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ስልኩ የተደወለው ማክሰኞ ጠዋት ነበር። «ለእናትሽ ኮርኒያ ተገኝቷል፤ ቀዶ ጥገናው ሐሙስ ነው» አሉኝ። ስንት ወር የጠበቅነው ስልክ ነው። ደስታዬን ሳልጨርስ ግን አንድ ጥያቄ አፌ ላይ መጣ፦ «ከተለገሰ ስንት ቀኑ ነው?» ሐሙስ ዕለት 9 ቀን ይሆነዋል አሉኝ።

ለእማዬ ስነግራት ዝም አለች። ቆይታ «ዘጠኝ ቀን ሙሉ ፍሪጅ ውስጥ የከረመ ዓይን ነው የሚያስገቡልኝ?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። ሌሊቱን ሳነብ አደርኩ። በነጋታው ሐኪሟን በጥያቄ አጣደፍኩት። ከዚያ በኋላም ለወራት ማንበቤን አልተውኩም።

ያኔ እጄ ላይ ቢኖር ኖሮ የምለውን መመሪያ ነው አሁን የምጽፈው። የሐኪምን ምክር አይተካም። ሐኪሙ ፊት ስትቀመጡ ግን ምን እንደምትጠይቁ፣ የሚሰጣችሁን መልስም እንዴት እንደምትመዝኑ ያግዛችኋል።

ደረጃ 1፦ የሚመጣላችሁ ነገር ምን እንደሆነ እወቁ

አገር ቤት «የዓይን ብሌን ልገሳ» እንላለን። ብዙ ሰው ሙሉ ዓይን የሚተከል ይመስለዋል። አይደለም። የሚተከለው ኮርኒያ ነው። ኮርኒያ ማለት የዓይን ፊት ላይ እንደ ሰዓት መስታወት የተገጠመ ጥርት ያለ ሽፋን ነው። ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

ከውስጥ በኩል አንድ ረድፍ ብቻ የሆኑ ህዋሳት አሉት። ኢንዶቴሊየም ይባላሉ። ሥራቸው ውሃ መቅዳት ነው። ከዓይን ውስጥ ወደ ኮርኒያው የሚሰርገውን ውሃ ሌት ተቀን እየሳቡ መልሰው ያወጣሉ። እነሱ ሥራ ካቆሙ ኮርኒያው ውሃ ይቋጥራል፣ ያብጣል፣ ይደፈርሳል።

እነዚህ ህዋሳት በሰው ዓይን ውስጥ ራሳቸውን አይተኩም። የሞተው ሞተ ነው። የቀሩት ጎረቤቶች ተለጥጠው ክፍተቱን ይሸፍናሉ እንጂ አዲስ አይወለድም። በጤነኛ ጎልማሳ ዓይን በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር ከ2,500 እስከ 3,000 ገደማ ይገኛሉ። ወደ 500 አካባቢ ሲወርዱ ኮርኒያው ውሃውን መቋቋም ያቅተዋል።

የእማዬ በሽታ ፉክስ ይባላል። እነዚህን ህዋሳት ቀስ በቀስ የሚጨርስ ነው። ጠዋት ጠዋት ይብስባት ነበር፤ ሌሊት ዓይን ተከድኖ ሲያድር ኮርኒያው ያብጣልና። ቡና ስትቆላ ፍሬው መድረሱን የምታውቀው በመዓዛው ነበር።

ለዚህ ነው ማቆያ ፈሳሹ ትልቅ ጉዳይ የሚሆነው። ሥራው ኮርኒያው እንዳይበሰብስ መጠበቅ ብቻ አይደለም። እነዚያን ህዋሳት በሕይወት ማቆየት አለበት። እማዬ «የከረመ» ያለችው ነገር በሕይወት ያለ፣ ስኳር የሚመገብ አካል ነው። ይህን ስነግራት ፊቷ ተለወጠ።

ሐኪማችሁን መጀመሪያ ይህን ጠይቁ፦ «የምትተክሉልኝ ሙሉውን ውፍረት ነው ወይስ የውስጡን ሽፋን ብቻ?» ሙሉ ውፍረት ከሆነ ሁሉም ንብርብር ይለወጣል። ዲሴክ ወይም ዲሜክ ከተባላችሁ የሚለወጠው ኢንዶቴሊየሙን የያዘው የውስጥ ሽፋን ነው። ዳልክ ከተባላችሁ ደግሞ የራሳችሁ ኢንዶቴሊየም ይቀራል፤ የሚለወጠው የፊቱ ክፍል ነው። ይህ መልስ ከታች ያሉትን ጥያቄዎች ሁሉ ይወስናል። ዳልክ ለሚሠራለት ሰው የለጋሹ ኢንዶቴሊየም ያን ያህል አያስጨንቀውም። ለዲሜክ ሰው ግን ሁሉ ነገሩ እሱ ነው።

ደረጃ 2፦ ኮርኒያው በምን ዓይነት ፈሳሽ እንደተቀመጠ ጠይቁ

ትንሽ ታሪክ ልንገራችሁ፤ ነገሩ በደንብ የሚገባው በዚህ በኩል ነው።

የመጀመሪያው የተሳካ የሰው ኮርኒያ ንቅለ ተከላ በ1905 (እ.ኤ.አ.) ተሠራ። ቦታው ኦሎሞውትስ ነው፤ ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ያለች ከተማ። ሐኪሙ ኤድዋርድ ዚርም ይባላል። ኮርኒያው የተገኘው ዓይኑ በጉዳት ከወጣለት ልጅ ነው። ማቆያ የሚባል ነገር አልነበረም። ለጋሽና ተቀባይ በአንድ ጊዜ መገናኘት ነበረባቸው። በ1930ዎቹ ቭላዲሚር ፊላቶቭ የተባለው የኦዴሳ ሐኪም ከሞቱ ሰዎች የተወሰደና በቅዝቃዜ የቆየ ኮርኒያ እንደሚሠራ አሳየ። በ1944 ደግሞ ኒው ዮርክ ውስጥ የመጀመሪያው የዓይን ባንክ ተቋቋመ።

ያኔ የነበረው ዘዴ ቀላል ነው። ሙሉው ዓይን እርጥበት ባለው ዕቃ ውስጥ ተደርጎ ፍሪጅ ይገባል። ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በላይ አያስተማምንም። ስለዚህ ሕመምተኛው በእኩለ ሌሊት ይጠራል፣ ሐኪሙም በእኩለ ሌሊት ቀዶ ጥገና ይሠራል።

በ1974 ማኬሪና ካውፍማን የተባሉ ተመራማሪዎች የተሻለ ነገር ይዘው መጡ። ኮርኒያውን ከነጩ የዓይን ክፍል ቀጭን ጠርዝ ጋር ቆርጦ ማውጣት፣ ከዚያ ምግብ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ማስቀመጥ። በስማቸው የተጠራው ፈሳሽ እስከ 4 ቀን አቆየ። ዴክስትራን የሚባል ትልልቅ ሞለኪውል ያለው የስኳር ዘር አለበት። እሱ ውሃውን ወደ ራሱ ስለሚስብ ኮርኒያው እንዳያብጥ ይጠብቃል። በቅዝቃዜ ውስጥ የህዋሳቱ ፓምፕ ተኝቷልና ይህን ሥራ ሌላ ነገር መሥራት አለበት።

በኋላ ኮንድሮይቲን ሰልፌት ተጨመረ። ኦፕቲሶል ጂኤስ የሚባለው ፈሳሽ በዚህ መንገድ መጣ። ውስጡ ዴክስትራን፣ ኮንድሮይቲን ሰልፌት፣ ለህዋሳቱ ምግብ የሚሆኑ ነገሮች፣ እንዲሁም ጄንታማይሲንና ስትሬፕቶማይሲን የሚባሉ ሁለት ፀረ ባክቴሪያዎች አሉ። እስከ 14 ቀን እንዲያቆይ ተፈቅዷል። ላይፍ ፎር ሲ እና ዩሶል ሲ የሚባሉትም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ሕንድ ማዱራይ ውስጥ የሚመረተው ኮርኒሶልም አለ።

ዛሬ እንግዲህ ሦስት ዓይነት አቀማመጥ ሊያጋጥማችሁ ይችላል።

አንደኛው የቅዝቃዜ ማቆያ ነው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ እስከ 14 ቀን። አሜሪካ የሚጠቀመው በዋናነት ይህን ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ የንጉሥ ካሊድ የዓይን ስፔሻሊስት ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት ኮርኒያ ከአሜሪካ የዓይን ባንኮች ሲያስመጣ ኖሯል። ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ኮርኒያ ቀኑን የሚበላው መንገድ ላይ ነው። እነዚያ 14 ቀናት ባይኖሩ ያ ሁሉ ሰው አይታከምም ነበር።

ሁለተኛው በሙቀት ማቆየት ነው። ኮርኒያው ከ30 እስከ 37 ዲግሪ በሆነ ሙቀት፣ በሰውነት ውስጥ ያለ ያህል እየተመገበ ይቆያል። በአውሮፓ ብዙ ቦታ ይህ ነው። እንግሊዝ ውስጥ በ34 ዲግሪ እስከ 4 ሳምንት ያቆዩታል። እዚያ ያላችሁ ሰዎች «20 ቀን የቆየ» ብትባሉ አትደንግጡ፤ ቆጠራው ሌላ ነው። በዚህ ዘዴ ኮርኒያው ያብጣል። ስለዚህ ከቀዶ ጥገናው በፊት ዴክስትራን ባለው ሌላ ፈሳሽ ውስጥ ተደርጎ እብጠቱ ይወጣለታል። ሁለቱን ዘዴዎች ያነጻጸሩ ጥናቶች በንቅለ ተከላው ውጤት ላይ አንዱን በግልጽ አሸናፊ አላደረጉም።

ሦስተኛው ግሊሰሪን ነው። በዚህ የተቀመጠ ኮርኒያ ለረጅም ጊዜ፣ ለወራትና ከዚያም በላይ ይቆያል። ነገር ግን ሕያው ህዋስ የለውም። ዓይን ተበስቶ በአስቸኳይ መደፈን ሲኖርበት ወይም ለዳልክ ይጠቅማል። የውስጥ ሽፋን ለሚፈልግ ሰው አይሆንም። «በግሊሰሪን የቆየ ነው» ከተባላችሁ «ለእኔ ዓላማው ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ደረጃ 3፦ ቀኑን በትክክል ቁጠሩ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ። የእኛም ጭንቀት ይኸው ነበር።

ሁለት ሰዓቶች አሉ። አንደኛው ለጋሹ ካረፈበት ጊዜ አንስቶ ኮርኒያው ፈሳሹ ውስጥ እስኪገባ ያለው ነው። ይህ በሰዓት ይቆጠራል። አስከሬኑ ቶሎ ከቀዘቀዘ ህዋሳቱ ይተርፋሉ፤ ካልቀዘቀዘ ይጎዳሉ። ሁለተኛው ፈሳሹ ውስጥ የቆየበት ነው። ይህ በቀን ይቆጠራል። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ሁለተኛውን ነው። የመጀመሪያውንም ጠይቁ።

ለሁለተኛው ጥሩ ማስረጃ አለ። አሜሪካ ውስጥ በተለይ ይህን ጥያቄ ለመመለስ የተሠራ ትልቅ ጥናት ውጤቱ በ2017 (እ.ኤ.አ.) ታትሟል። 1,330 ዓይኖች ተካተዋል። ሁሉም ዲሴክ የተሠራላቸው ናቸው። ኮርኒያዎቹ በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፦ እስከ 7 ቀን የቆዩና ከ8 እስከ 14 ቀን የቆዩ። ከዚያ ሦስት ዓመት ተከታተሏቸው።

እስከ 7 ቀን ከቆዩት ውስጥ 95.3 በመቶው ከሦስት ዓመት በኋላም ይሠሩ ነበር። ከ8 እስከ 14 ቀን ከቆዩት ደግሞ 92.1 በመቶው። ልዩነት አለ። ግን ሁለቱም ከ90 በላይ ናቸው።

ይበልጥ የሚጠቅመው ቀኑን ከፋፍለው ያዩበት ነው። እስከ 4 ቀን፦ 96.5 በመቶ። ከ5 እስከ 7 ቀን፦ 94.9። ከ8 እስከ 11 ቀን፦ 93.8። ከ12 እስከ 14 ቀን፦ 89.3። ቁልቁለቱ የት እንደሚጀምር አያችሁ? እስከ 11 ቀን ድረስ መሬቱ ደልዳላ ነው ማለት ይቻላል። ከ12 በኋላ ነው የሚወርደው። ተመራማሪዎቹም ያሉት ይህንኑ ነው፦ እስከ 11 ቀን የሚያመጣው ልዩነት ትንሽ ነው።

የእማዬ 9ኛ ቀን ነበር። ይህን ሳነብ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሆኗል። የዚያን ጊዜ ነው ትከሻዬ የቀለለኝ።

እንግዲህ በእኔ አስተያየት እንዲህ አድርጉ። እስከ 7 ቀን ከሆነ ቀኑን እርሱትና ወደሚቀጥለው ጥያቄ እለፉ። ከ8 እስከ 11 ከሆነ ሌላው ነገር ሁሉ ጥሩ እስከሆነ ድረስ ቀን ብቻ ምክንያት ሆኖ አትመልሱት። 12 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከሐኪሙ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፦ መጠበቅ እንችላለን? ሌላ በቅርቡ ይገኛል? ዓይኔ እስከዚያ ምን ይሆናል? አሜሪካ ላለ ሰው ሌላ ኮርኒያ በጥቂት ሳምንት ሊገኝ ይችላል። ወረፋው ዓመታት በሆነበት አገር ያለ ሰው ግን ስሌቱ ፍጹም ሌላ ነው። በ2012 (እ.ኤ.አ.) ዓለም ላይ የነበረውን ሁኔታ የቃኘ ጥናት ለ70 ፈላጊ አንድ ኮርኒያ ብቻ እንደሚገኝ ገምቷል። 89 በመቶ ከዜሮ ይሻላል። ያውም በጣም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ጥናቱ የተሠራው በዲሴክና በቅዝቃዜ ማቆያ ላይ ነው። በሙቀት ለቆየ ኮርኒያ እነዚህን ቀናት አትጠቀሙ። ለሙሉ ውፍረት ንቅለ ተከላም ቁጥሩን እንዳለ አትገልብጡ። እዚያ ሌላም ነገር ይጨመራል፦ የፊቱ ቆዳ መሰል ሽፋን በፈሳሹ ውስጥ በቆየ ቁጥር ይላላጣል። ከቀዶ ጥገና በኋላ የራሳችሁ ህዋስ እስኪሸፍነው ዓይን ይቆረቁራል፣ ክትትልም ይበዛል።

ደረጃ 4፦ የህዋሱን ቁጥር ጠይቁ

ቀን ግምት ነው፤ ቁጥር ግን ማስረጃ ነው።

የዓይን ባንኩ ስፔኩላር ማይክሮስኮፕ በሚባል መሣሪያ ኢንዶቴሊየሙን ፎቶ አንስቶ ይቆጥራል። ኮርኒያው ከፍሪጅ ወጥቶ ትንሽ ሲሞቅ ነው ህዋሳቱ ጥርት ብለው የሚታዩት። ብዙ ባንኮችና ሐኪሞች ለውስጥ ሽፋን ንቅለ ተከላ በካሬ ሚሊ ሜትር ቢያንስ 2,000 ይፈልጋሉ። ከዚያ በላይ የሚጠይቁም አሉ።

ቁጥሩ ለምን ያስፈልጋል? ከቀዶ ጥገና በኋላ ሁልጊዜ ይቀንሳልና። በዚያው የ2017 ጥናት ውስጥ በሦስት ዓመት እስከ 7 ቀን የቆዩት 37 በመቶ ህዋሳቸውን አጡ። ከ8 እስከ 14 ቀን የቆዩት 40 በመቶ። በራሳችን ቁጥር እናስላው። በ2,700 የጀመረ ኮርኒያ በመጀመሪያው ስሌት ወደ 1,700 ይወርዳል። በሁለተኛው ወደ 1,620። ልዩነቱ 80 ህዋስ ነው። አሁን ደግሞ በ2,200 የጀመረ ገና 3 ቀኑ የሆነ ኮርኒያ አስቡ። ወደ 1,390 ይወርዳል። ስለዚህ ብዙ ህዋስ ያለው የ9 ቀን ኮርኒያ ጥቂት ህዋስ ካለው የ3 ቀን ኮርኒያ ሊሻል ይችላል። ይህን ማንም በግልጽ አልነገረኝም ነበር። ለእናንተ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

«ለጋሹ ስንት ዓመቱ ነው?» የሚለው ጥያቄም ይመጣል። መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ግን ብዙ አትጨነቁበት። ቀደም ሲል በሙሉ ውፍረት ንቅለ ተከላ ላይ የተሠራ ሌላ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 65 የሆኑ ለጋሾችንና ከ66 እስከ 75 የሆኑትን አነጻጽሮ በአምስት ዓመት ያገኘው ውጤት እኩል ነው፦ ሁለቱም 86 በመቶ።

የስኳር በሽታስ? በማቆያው ጥናት ውስጥ ለጋሹ የስኳር ሕመም ከነበረው የመክሸፍ ዕድሉ ከፍ ብሎ ታይቷል። በቀዶ ጥገናው ወቅት ችግር ካጋጠመም እንዲሁ። ስለዚህ የሐኪሙ እጅና ልምድ ከፈሳሹ እኩል፣ አንዳንዴም በላይ ይመዝናል። «በዓመት ስንት ዲሴክ ወይም ዲሜክ ትሠራለህ?» ማለት ስድብ አይደለም። ጥሩ ሐኪም ደስ ብሎት ይመልሳል።

ደረጃ 5፦ ስለ ኢንፌክሽን ጠይቁ

የለጋሹ ደም ለኤች አይ ቪ፣ ለጉበት በሽታ ቢ እና ሲ፣ ለቂጥኝም ይመረመራል። የሕክምና ታሪኩ ይታያል። በእብድ ውሻ በሽታ ወይም ምክንያቱ ባልታወቀ ሁኔታ የሞተ ሰው ኮርኒያ አይወሰድም።

ከዚያ ፈሳሹ ይመጣል። ውስጡ ያሉት ሁለቱ ፀረ ባክቴሪያዎች በቅዝቃዜ ውስጥ ደካማ ናቸው። ሲሞቁ ነው በደንብ የሚሠሩት። ስለዚህ ኮርኒያው ከቀዶ ጥገናው በፊት በክፍል ሙቀት እንዲቆይ ይደረጋል። ለእነዚህ መድኃኒቶች አለርጂ ካላችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ኦፕቲሶል ጂኤስ ፀረ ፈንገስ የለበትም። ከንቅለ ተከላ በኋላ ከለጋሽ የሚመጣ የፈንገስ ኢንፌክሽን፣ በተለይ ካንዲዳ፣ እምብዛም አያጋጥምም። ካጋጠመ ግን ከባድ ነው። ለዚህ ሲባል አምፎቴሪሲን ቢ የተጨመረባቸው አዳዲስ ፈሳሾች መጥተዋል፤ ኬራሴቭ አንዱ ነው። በሙቀት ማቆያ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለ። ጀርም ካለ በሙቀቱ ይራባና በምርመራ ይያዛል፣ ኮርኒያውም ይጣላል።

ሁለት ነገር ጠይቁ። «የኮርኒያውን ትርፍ ጠርዝ ለምርመራ ትልካላችሁ?» እና «ውጤቱ ጀርም ካሳየ ማን ይደውልልኛል?» ከቀዶ ጥገና በኋላ ባሉት ቀናት ስልካችሁ ክፍት ይሁን። ተጠርታችሁ «ደህና ነኝ፣ አያመኝም» ብላችሁ እንዳትቀሩ።

ደረጃ 6፦ የቀዶ ጥገናው ቀን

ይህ የሐኪሙ ሥራ ነው፤ በአጭሩ ልለፈው። ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ጠርሙሱ ይታያል። ማሸጊያው ያልተነካ መሆን አለበት። ፈሳሹ ቀላ ያለ ሮዝ ነው፣ ቀለሙ ሲበላሽ እንዲያሳይ ታስቦ ነው የተጨመረው። ወደ ቢጫ ካዘነበለ ወይም ከደፈረሰ አይተከልም። በረዶ የነካውም አይሆንም፤ ኮርኒያ ይቀዘቅዛል እንጂ በረዶ አይሠራም፣ በረዶ ህዋሳቱን ይገድላል።

የመጨረሻ ደቂቃ ስልክ ተደውሎ «ኮርኒያው አልሆነም፣ ሌላ ቀን ይሁን» ብትባሉ አትናደዱ። መመለሱን የወሰነው ሰው ውለታ ውሎላችኋል።

አሜሪካ ላላችሁ አንድ ምክር፦ እናት አባታችሁ እንግሊዝኛ የማይችሉ ከሆነ አስተርጓሚ ጠይቁ። ሆስፒታሉ በነፃ ማቅረብ አለበት። እኔ ራሴ ሳስተረጉም «ኢንዶቴሊየም»ን ምን እንደምለው ጠፍቶኝ ነበር። የቤተሰብ ሰው ደግሞ ሲጨነቅ ግማሹን ይዘላል።

ደረጃ 7፦ ያ ሁሉ ጥበቃ ከንቱ እንዳይቀር

ፈሳሹ ህዋሳቱን እስከ ዓይናችሁ አድርሷል። ከዚህ በኋላ ያለው በእጃችሁ ነው።

የውስጥ ሽፋን ከተተከለ ዓይን ውስጥ የአየር ወይም የጋዝ አረፋ ይደረጋል። አረፋው ሽፋኑን ወደ ላይ ገፍቶ ያጣብቀዋል። ስለዚህ በጀርባ ተኝቶ ጣራ ማየት ግድ ነው። ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ሐኪሙ ይነግራችኋል። እማዬ ሁለት ቀን እንዲህ ስትተኛ እኔ አጠገቧ ወለል ላይ ተኛሁ። እንጀራ በጉርሻ አበላኋት። አረፋው እስኪጠፋ አውሮፕላን አይሳፈሩም።

የስቴሮይድ ጠብታ በራስ አይቆምም። «ዓይኔ ጠራ» ተብሎ ጠብታ ማቆም ንቅለ ተከላን ከሚያበላሹ ነገሮች አንዱ ነው። አራት ምልክቶችን ግድግዳ ላይ ጽፋችሁ ለጥፉ፦ ዓይን መቅላት፣ ብርሃን መጥላት፣ እይታ መደብዘዝ፣ ሕመም። አንዱ እንኳ ከመጣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ። ዓመታት ካለፉም በኋላ ቢሆን።

ደረጃ 8፦ ለለጋሹ ቤተሰብ ጻፉ

ይህ ሕክምና አይደለም፤ ቢሆንም አልዘለውም።

አሜሪካ ውስጥ የዓይን ባንኮች ከተቀባይ የመጣ ደብዳቤ ለለጋሹ ቤተሰብ ያደርሳሉ። ስምና አድራሻ አይጻፍም። ደብዳቤውን ለሐኪሙ ወይም ለባንኩ ትሰጣላችሁ። አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ ልገሳን በሚመለከት የምታነጋግሩት የኢትዮጵያ ደምና ሕብረ ህዋስ ባንክ አገልግሎትን ነው። ብዙ ቤተሰብ «አስከሬኑ ይበላሻል፣ ቀብሩ ይዘገያል» ብሎ ይፈራል። የሚወሰደው ያ ቀጭን ሽፋን ነው፤ ፊት አይበላሽም። ህዋሳቱ ጊዜ ስለማይሰጡ ሥራው የሚሠራው በሰዓታት ውስጥ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በ2006 (እ.ኤ.አ.) የታተመ አገር አቀፍ ጥናት እንዳሳየው፣ ለዓይነ ስውርነት ምክንያት ከሆኑት ውስጥ 11.5 በመቶው ትራኮማ ያመጣው የኮርኒያ ጠባሳ ነው።

እማዬ ደብዳቤውን ያስጻፈችኝ በሦስተኛው ወር ነው። ጠዋት ነበር። ምድጃው አጠገብ ቆማ ቡና እየቆላች ነው። እኔ ወረቀት ይዤ ጠረጴዛው ላይ። «ጻፊ» አለችኝ። «ዛሬ ቡናው መቅላቱን አየሁ። ሳይሸተኝ በፊት አየሁ። ልጃችሁ ይሁን እናታችሁ አላውቅም። ነፍስ ይማር። እግዚአብሔር ያጽናችሁ።»

ወደ እንግሊዝኛ ስመልሰው «ነፍስ ይማር»ን የሚያህል ቃል አጣሁ። ስለዚህ በአማርኛ የጻፍኩትንም አብሬ ፖስታው ውስጥ ከተትኩት።